ያልወደቀችው ልጄ

ወጌሻ ነኝ። ዲላ ውስጥ ከባጃጅ የወደቀ፣ ኳስ ሲጫወት እግሩ ወለም ያለው፣ ቡና ሲለቅም የተንሸራተተ ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣል። በእጄ እተማመናለሁ፤ ዛሬም። መጀመሪያ የምጠይቀው «የት ወደቅህ?» ብዬ ነው። ልጆች ቁጣ ፈርተው «አልወደቅኩም» ይላሉ። አላምናቸውም፤ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነበርኩ።

የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጄ ታይፎይድ ሁለት ሳምንት አስተኝቷት ገና እንደተነሳች ግራ እግሯ አበጠ።

«የት ወደቅሽ?»

«እማዬ፣ አልወደቅኩም።»

«ዋሾ!» ብዬ ቅቤዬን አነሳሁ። ሁለት ጠዋት አሸኋት፤ ጥርሷን ነክሳ ቻለችኝ። በሦስተኛው ቀን እግሯ ከባቷ እስከ ታፋዋ ተወጥሮ ጠቆረ። አዝዬ ሆስፒታል ወሰድኳት።

ሐኪሙ በአልትራሳውንድ አየና «ማን አሸው?» አለ።

«እኔ!» አልኩ አፌን ሞልቼ።

«እናቴ፣ ይሄ ወለምታ አይደለም። ብዙ ቀን ስለተኛች ደም ሥሯ ውስጥ ደም ረግቷል። ሲታሽ ተቆርሶ ሳንባዋ ከገባ ትንፋሽ ያሳጣታል።»

የረጋውን ደም የሚያወጣ ባለሙያ ያለው አዲስ አበባ ነው ብሎ ላከን። በአምቡላንስ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ እጆቼን ብብቴ ውስጥ ደብቄ ነበር። በሕይወቴ እጄን የጠላሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ያገኘናት ሐኪም ቢላ እንደማያስፈልግ ነገረችኝ። ከጉልበቷ ጀርባ በመርፌ በተበሳች ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ ታስገባለች፤ መንገዱን በስክሪን እያየች የረጋውን ደም ስባ ታወጣለች።

«ሳይከፈት?» አልኳት።

«እርስዎስ ከፍተው ነው እንዴ የሚሠሩት?» ብላ ሳቀች። ወደድኳት። ሙያዋን የምታውቅ ሴት ከአነጋገሯ ታስታውቃለች።

ልጄ ከሕክምናው ክፍል ስትወጣ ጉልበቷ ጀርባ ያለው ትንሽ ፕላስተር ብቻ ነበር። እግሯ ለስልሷል፤ መልኩም መመለስ ጀምሯል። ነቅታ መጀመሪያ ያለችኝ «አልወደቅኩም እኮ» ነው።

«አውቃለሁ ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አልኳትና አለቀስኩ።

ለወራት የደም ማቅጠኛ ወሰደች። ዛሬ ትምህርት ቤት ሲረፍድባት ዳገቱን በሩጫ ነው የምትወጣው። እኔም ሥራዬን አልተውኩም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ባቷ ያበጠ ልጇን ይዛ ከወርቃ ከተማ መጣች። ቅቤው እጄ ላይ ነበር። የት እንደወደቀች ልጅቷን ጠየቅኳት።

«አልወደቅኩም» አለች።

«ትዋሻለች፤ ዝም ብለው ይሹልኝ» አለች እናቷ።

እጄን በጨርቅ ጠረግኩና ሆስፒታል የሚያደርሳቸው ባጃጅ ልጠራ ወጣሁ።