ምስጋናው ውስጥ የገባው ስሜ

ለትምህርት ወደ ጀርመን የሄድኩ ቀን ከሰዓት ዝናብ ነበር። ታክሲው ካዛንቺስ፣ እናቴ ቤት ደጃፍ ቆሞ ይጠብቃል፤ እኔ ግን አሁንም ከሳምሶን ጋር ስለ ፊዚክስ አወራለሁ። እናቴ፣ "ኧረ ልጄ፣ አውሮፕላኑ አንቺን ይጠብቃል?" ትላለች።

ሳምሶን የላንቻ ልጅ ነው፤ አብረን ተማርን፣ አብረን አስተማርን። አንድ ዓመት ሙሉ እናቴ ቤት ጣራ ላይ ሁለት ሶላር አስቀምጠን አንዱን በየቀኑ እንወለውላለን፣ ሌላውን ለከተማው አቧራ እንተወዋለን፤ ከዚያ አቧራው ስንት ኃይል እንደሚበላ እንለካለን። ሐሳቡ የእኔ፣ ቁጥሮቹም በእኔ ደብተር። በቃ፣ ደብተሩን እዚያው ደጃፍ ላይ ሰጠሁት።

"ጽፌ ጨርሼ ለሳይንስ ጆርናል እልከዋለሁ። መጀመሪያ ያንቺ ስም፣ ቀጥሎ የእኔ። እናቴን!" አለኝ።

ጀርመን ገባሁ። ፀሐይ አጠናለሁ ብላ ፀሐይ ወደሌለበት አገር የሄደች እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ዳቧቸው ጥርስ ይፈትናል። ጎረቤቴን ደረጃ ላይ "እንዴት አደሩ? ደህና ነዎት? ቤተሰብ ደህና?" ብላት ደንግጣ፣ "ምን ተፈጠረ?" አለችኝ። የነዋሪዎች ምዝገባ ቢሮማ፣ ስሙኝ፦

"የቤተሰብ ስም?"

"የለኝም። ተክሌ የአባቴ ስም ነው።"

"እንግዲያው እርስዎ ፍራው ተክሌ ነዎት።" ወይዘሮ ተክሌ ማለቷ ነው።

"ተክሌ ወንድ ናቸው፤ ከሞቱም ቆይተዋል።"

"ፎርሙ ይህን አይጠይቅም" ብላ ሠራተኛዋ ማኅተሟን አሳረፈች።

ክረምታቸው ሊያልቅ ሲል ፕሮፌሰሬ ጠራኝ። "ጽሑፋችን በጆርናል ሊወጣ ነው" እያልኩ ጉራዬን ስነዛበት ስለከረምኩ ፈልጎ አግኝቶታል። ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። ግራፎቹ የእኔ ናቸው፤ ጉንፋን ይዞኝ ያልለካሁበት ሳምንት እንኳ እንደ ወለቀ ጥርስ ባዶ ቦታው ይታያል። ከርዕሱ ሥር ያለው ግን የሳምሶን ስም ብቻ ነው። ፕሮፌሰሩ መጨረሻ ላይ ያለችውን ምስጋና በጣቱ አሳየኝ፦ ሶላሮቹን በመወልወል ለተባበሩኝ ወይዘሪት ሂሩት።

"ወይዘሪት ሂሩት አንቺ ነሽ?"

"ነኝ።"

እያፈረ፣ "በዚህ ጉዳይ ስትጽፊ የእሱን ስም መጥቀስ ይኖርብሻል" አለኝ።

ለጆርናሉ አቤት አልኩ። መልሳቸው፦ "ስምዎ እንዲገባ የጽሑፉ ባለቤት መስማማታቸውን በፊርማ ያረጋግጡልን።" የወሰደብሽ ሰው ፈርሞ ይስጥሽ ማለት እኮ ነው! የሰማ ሁሉ ደግሞ፣ "ደብተሩን ፎቶ ኮፒ አላደረግሽም?" ይለኛል። ጓደኛውን ፎቶ ኮፒ አስቀርቶ የሚያምን ማን ነው?

ለሳምሶን በኢሜይል ጻፍኩለት፤ ስድብም ልመናም ነበረበት። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ መስመር መለሰ፦ "አንቺ ወጥተሻል፤ እኔ መውጫዬ ያ ጽሑፍ ብቻ ነው።" አነበብኩት፣ ዘጋሁት፣ እንደገና ከፈትኩት። የጎዳኝ ስርቆቱ ብቻ አይደለም፤ ማለቴ፣ "ወጥተሻል" ሲለኝ ካገሬ ሰዎች መካከል ያስወጣኝ መሰለኝ።

እናቴ ጋ ስደውል ልነግራት ቆርጬ ነበር። እሷ ቀደመችኝ።

"ሂሩትዬ፣ ግፊቴ ተነስቶብኝ ነበር። ሳምሶን ነው ጤና ጣቢያ ያደረሰኝ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ቅዳሜ ሊጠይቀኝ ሳይመጣ ቀርቶ አያውቅም እኮ! ምን ዓይነት ጓደኛ ሰጠሽ እግዜር! ይኸው አጠገቤ ነው፣ ላቅርብልሽ?"

እምቢ ማለት አልቻልኩም። ስልኩን ሲቀበላት ሰማሁ።

"ሂሩት።"

"እናቴ መድኃኒቷን በሰዓቱ ትወስዳለች?"

"ትወስዳለች። እኔ አስታውሳታለሁ።"

"ጨው እንዳታበዛ።"

"እነግራታለሁ። ሂሩት፣ ያ ነገር…" አለና ቆመ። እናቴ ከጎኑ "ምን አለች? ምን አለች?" ትላለች።

"ሌላ ጊዜ" አልኩት።

አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ እደውላለሁ። ስልኩን እሱ እንዳያነሳው እፈራለሁ፤ እናቴ ዘንድ ሳይመጣ እንዳይቀርም እፈራለሁ። ያንን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አልጨረሰልኝም፤ እኔም ጨርስልኝ አላልኩትም።