ስም የማይጠሩት አጎቴ

አጎቴ ሰውን በስሙ አይጠሩም ነበር። ያሳደጉኝን እኔን እንኳ «አንቺ ልጅ» ነበር የሚሉኝ። የካዛንቺስ ጎረቤቶቻችን ኩራት ነው ይሉ ነበር።

ምን ኩራት አመጣው! ወታደር ሳሉ ሶማሊያ ተማርከው ብዙ ዓመት ታስረዋል። እዚያም በጠላት ሬዲዮ የምርኮኞችን ስም አንብበዋል። «ቤተሰብ በሕይወት መኖራችንን ይወቅ ብዬ ነው» ይሉ ነበር። ሲመለሱ ግን ሰፈሩ «የጠላት አፍ» ብሎ ተቀበላቸው። ለቅሶ ቤት ሲገቡ አጠገባቸው የሚቀመጥ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የማንንም ስም ጠርተው አያውቁም።

ባለፈው ወር አረፉ። ካዛንቺስ ፈርሶ ሰዉ ስለተበተነ ለቅሶውን ቂርቆስ፣ እኔ በተከራየሁበት ግቢ ተቀመጥን። በሦስተኛው ቀን አንዲት የድሮ ጎረቤታችን ሁለት ታክሲ ቀይረው መጡ። እጄን ይዘው አለቀሱ።

«ልጄ ሞተ ብዬ ከል ለብሼ ነበር። በሕይወት እንዳለ ያወቅሁት አጎትሽ ስሙን ሲያነቡ ሰምቼ ነው።»

«ታዲያ እማማ፣ ያን ሁሉ ዘመን አጎቴ ሲሰደቡ እርስዎ ለምን ዝም አሉ?»

«የጠላት ሬዲዮ መስማት ያሳስር ነበራ። መጀመሪያ ፈራሁ፤ ኋላ ደግሞ ዝም በማለቴ አፈርኩ።»

ተናደድኩ። «እንግዲያው አሁን ይናገሩ! ጮክ ብለው ለሁሉም ይንገሩልኝ!» አልኳቸው።

እማማ ቀና ብለው ድንኳኑን ዞር ዞር እያሉ አዩ። እድሩ ወንበሩን እስከ በሩ ድረስ ደርድሮታል። የተቀመጥነው ሁለታችን ብቻ ነበርን።