የቀኙ የመሪ ክንድ

ቨርጂል ኦክስነር በየሌሊቱ ወተት ለየቤቱ አድሎ ጠዋት ሲመለስ፣ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ጓሮ ወዳለው ጋራዥ ይሄድና የእጅ ማዞሪያውን ማኖቬላ ሰክቶ ሞተሩን አንድ ዙር ያዞረዋል። ነጩን የሥራ ሱሪውን እንኳ አይቀይርም። ሞተሩ አዲስ ፋሻ፣ ማለትም የፒስተን ቀለበት፣ ገብቶለታል፤ ዝም ብሎ ከቆመ ይይዛል ብሎ ይሰጋል። ካዞረው በኋላ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ለቁርስ ይገባል።

መኪናዋ የ1929 ሥሪት ፎርድ ናት፤ ጣሪያ የላትም፣ የምትይዘውም ሁለት ሰው ነው። የዓለም ጦርነቱ ካበቃ አራተኛው ዓመት ነበርና በበርባንክ ከተማ እንዲህ ያለች መኪና ያልተፈታታበት ጓሮ ማግኘት ያስቸግር ነበር። ቨርጂል አካሏን ያገኘው አንድ እርሻ ላይ ዶሮ ሲያድርባት ነው። ከሚስቱ ወንድም ከዴል ጋር ሆነው የጎማ መሸፈኛ ፓራፋንጎዎቿን አውልቀው ጣሉ፣ ከተገለበጠ መኪና ያወጡትን ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ገጠሙላት፣ ፊቷም ዝቅ እንዲል የፊት ጎማዎቹን የሚሸከመውን አክስል አጎበጡት። አክስሉ ዝቅ ሲል ግን ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያያይዘው ዘንግ ከሥሩ ካለው ብረት ጋር መጋጨት ጀመረ። ዘንጉን በየጎማው በኩል የሚይዙት ሁለት የመሪ ክንዶች በእሳት ግለው ወደ ታች መታጠፍ ነበረባቸው። ይህን ዴል ሐሙስ ዕለት ቨርጂል ተኝቶ ሳለ ብቻውን ሠራው።

«ቀስ ብለው እንዲበርዱ አመድ ውስጥ ቀብረህ ነው ያቀዘቀዝካቸው?» ብሎ ቨርጂል በማግስቱ ጠይቆት ነበር።

«አንተ እንዳልከኝ» አለ ዴል።

መኪናዋን የሚነዳት ዴል ነው። ቨርጂል በጦርነቱ ጊዜ መርከብ ሲበይድ ግራ ዓይኑ ስለተጎዳ፣ በደረቀው ሐይቅ ሜዳ ላይ የሚካሄደውን የፍጥነት ውድድር የሚመራው ማኅበር መሪ አያስይዘውም። ዴል ደግሞ ከባሕር ኃይል ከተሰናበተ ጀምሮ የሚያወራው ስለ እሑዱ ውድድር ብቻ ነው። በዚያ ቀን በሰዓት ከመቶ ማይል በላይ ከሮጠ የሰፈሩ የመኪና ተወዳዳሪዎች ክለብ አባል ያደርገዋል። ያለችው ቦታ አንዲት ናት፤ ከእሱ ቀጥሎም የሚጠብቃት ሌላ ሰው አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቨርጂል ሚስት አይሪስ አንሶላ ይዛ ጋራዡ በር ላይ ቆመች። ነጩ ጨርቅ ጥቁር የብረት ቅርፊት ተጣብቆበታል።

«እስቲ ይሄን እዩልኝ!» አለች። «ያ ጉደኛ ወንድሜ የጋለ ብረት የልብስ ማጠቢያ ገንዳዬ ውስጥ ከቶብኝ! ጩስ ያለው እኮ ጎረቤት ድረስ ተሰምቷል።»

ቨርጂል የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ። «መቼ?»

«ሐሙስ ነዋ።»

ዴል መኪናዋ ሥር ተጋድሞ ነበር። የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። ሲወዛወዝ የነበረው እግር ቀጥ አለ።

«ዴል፣ ውጣ።»

«ቆይ ይቺን ላጥብቅ።»

«ውጣ አልኩህ።»

ዴል በጀርባው እየተንፏቀቀ ወጣ። ፊቱ ላይ ቅባት አለ።

«አንደኛው ከመቆንጠጫው አምልጦኝ በረንዳው ላይ ወደቀ» አለ። «ጣውላው መንደድ ጀመረ። ምን ላድርግ? ቤትህን ላቃጥልልህ? አነሳሁና ገንዳው ውስጥ ጣልኩት።»

«የትኛው ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ሁለቱንም ቀለም ቀብቻቸዋለሁ።»

ቨርጂል ሞረድ አንሥቶ ጎማዎቹ አጠገብ ተንበረከከ። በግራው ክንድ ላይ አንድ ጊዜ ሳበው፤ ሞረዱ ቀለሙን አልፎ ብረቱን ነከሰና የሚያበራ ጭረት ተወ። በቀኙ ላይ ሲስበው ቀለሙ ተላጠ፣ ሞረዱ ግን መስተዋት ላይ እንዳለ ተንሸራተተ። ደጋግሞ ሳበው። ምንም አልነከሰም።

«ውሃው ድንገት አብርዶ አድርቆታል» አለ። «እንደ ብርጭቆ ጠንክሮ ተሰባሪ ሆኗል። በዚያ ፍጥነት ላይ ሲሰበር ጎማው ወዳሻው ይዞራል።»

«ሲሰበር! ከተሰበረ በል እንጂ፣ አንተ ሰውዬ።»

እንደገና አግሎ በቀስታ ማቀዝቀዝ ይቻል ነበር። ነገር ግን የብየዳው ጋዝ አልቋል፣ የሚሸጠውም ሱቅ እስከ ሰኞ ዝግ ነው። ደግሞ ብረቱ ውሃው ውስጥ ሳለ ተሰንጥቆ ከሆነ እሳት አይጠግነውም።

«ሞርሳ ላይ እሰረውና ምታው» አለ ዴል። «በትልቁ መዶሻ። ከተሰበረ አፌን እዘጋለሁ። ካልተሰበረ አንተ ትዘጋለህ፣ እኔም ነገ እሮጣለሁ። ቃልህን ስጠኝ።»

«የምትወራረደው በብረቱ ነው በአንገትህ?» አለችው አይሪስ።

«በሁለቱም፣ እታለም።»

ቨርጂል ቃሉን ሰጠ። እንደሚሰበር አልተጠራጠረም። ክንዱን ፈትቶ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ብረት ነክሶ በሚይዘው ሞርሳ አሰረና መዶሻውን ከትከሻው በላይ አንሥቶ መታው። ቀለሙ ረገፈ፤ ብረቱ ግን እንዳለ ነው። ሁለተኛውን ሲመታ የሥራ ጠረጴዛው ከግድግዳው ራቀ። ክንዱ አሁንም እንዳለ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያነሣ ዴል እጁን ያዘው።

«በቃህ። ወተት ማመላለስ ጉልበት አይሰጥም እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

ቨርጂል ክንዱን ወደ ብርሃኑ አዙሮ አየው። ስንጥቅ አይታይም። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ካለ ግን እነዚያ ሁለት ምቶች አስፍተውታል። ቃሉን ሰጥቷልና ክንዱን መልሶ ራሱ ገጠመው፤ የሚያስረውን ዳዶም አጠበቀ።

ዴል ሲሄድ አይሪስ ቨርጂልን እጅ መታጠቢያው ጋ ጠበቀችው።

«አንተ ብትሆን ትነዳት ነበር?»

«እኔን አያስነዱኝም፤ ታውቂያለሽ።»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

ቨርጂል እጁን ማሸቱን ቀጠለ።

እሑድ ጠዋት ደረቁ ሐይቅ ላይ ነፋስ ነበር። አቧራው ከመኪኖቹ ሰልፍ ጋር አብሮ ይጓዛል። የመኪኖቹ መርማሪ ክላረንስ ፌነር የሚባል ጥቂት የሚናገር ሰው ነው። የፊት ጎማዎቹን በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቃቸው፣ የዴልን ቀበቶ ጎተተ፣ ከሥር አጎንብሶ አየ። የተነቃነቀ ነገር አላገኘም። ከዚያ እንደ ማኅበሩ ልማድ ቀና ብሎ ጠየቀ። በነጂው ፊት ሠሪው ለደህንነቷ ዋስ ካልሆነ መኪና መነሻው መስመር ላይ አትቆምም።

«የመኪናዋ ዋስ ማን ነው?»



ዴል የራስ ቁሩን አስሮ መሪውን ይዟል። «ቨርጂል፣ በል እንጂ።»

ቨርጂል የቀኙን ጎማ እያየ ቆመ።

«ሁለት ጊዜ መታኸው። አልተሰበረም» አለ ዴል።

«አልተሰበረም።»

«ቃልህን ሰጥተኸኛል!»

«ሰጥቼሃለሁ።»

ከኋላ የቆመው ሰው የሞተሩን ድምፅ ከፍ አደረገ። ሌላው «ጸሎት ላይ ናችሁ እንዴ?» ብሎ ጮኸ።

«ኦክስነር» አለ ፌነር፣ «ሰው እያስጠበቅክ ነው። ዋስ ነህ አይደለህም?»

«አይደለሁም።»

ፌነር ለምን ብሎ አልጠየቀም። በሯ ላይ በጠመኔ የተጻፈውን የውድድር ቁጥር በእጅጌው ጠረገና ወደ ቀጣዩ መኪና አለፈ። ሰዎች መጥተው መኪናዋን ከሰልፉ ገፍተው አወጧት። ሲገፏት ዴል መሪውን እንደያዘ ነበር። ስትቆም ወረደ፣ የራስ ቁሩን ፈትቶ መቀመጫው ላይ አስቀመጠ። አይሪስ ውሃ ዘረጋችለት፤ አልተቀበላትም።

«ጋራዡ ውስጥ ስትመታው እንዲሰበር ጸልየህ ነበር» አለው ቨርጂልን።

«አዎ።»

«ፈሪ ነህ።»

ዴል በአቧራው ውስጥ ወደ ሌሎቹ መኪኖች ሄደ፤ ከቨርጂልና ከአይሪስ ጋርም ወደ ቤት አልተመለሰም።

ክለቡ ያችን ቦታ በዚያው ዕለት ለሌላው ሰው ሰጠ። ቨርጂል ሰኞ የብየዳውን ጋዝ አስሞላ፣ ከአሮጌ መኪና ተራ ሌሎች ክንዶች ገዝቶ አግሎ ወደ ታች አጠፋቸው፣ አመድ ውስጥም ቀብሮ አሳደራቸው። በነሐሴው ውድድር ዴል የሌላ ሰው መኪና ይዞ መጣ፤ ቨርጂልና አይሪስም ሌላ ነጂ አስቀምጠው ከዴል ኋላ ተሰለፉ።