ሊጡ ይደር አለች

ሚስቴን ከቤቴ ያስወጣት ዳቦ ነው። ልጄ ያስወጣሃት አንተ ነህ ትለኛለች፤ ትበል። እኔ የሆነውን እጽፋለሁ፣ ያነበበ ይፍረድ።

የምኖረው ኦስሎ፣ ትሮስተሩድ የሚባል ሰፈር ነው፣ ፎቅ ላይ። ሚስቴን መርሳት ሲጀምራት መጀመሪያ የጠፋባት ቁልፏ ነው። ከዚያ የሱቁ መንገድ ጠፋባት፣ ከዚያ እኔ ጠፋሁባት። ወሎ ከተጋባንበት ቀን ጀምራ አንቱ ስትለኝ የኖረች ሴት፣ አንድ ጠዋት ከአልጋ ተነሥታ «አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለችኝ።

«ባልሽ ነኝ» አልኳት።

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና «እንዲህ ያለውንስ አላገባም» አለች።

አገር ቤት ሚሊኒየሙን ባከበሩበት ዓመት፣ በኖርዌይ ክረምት፣ የፕላስቲክ ሳህን የጋለ ምድጃ ላይ ጣደች። እሳት አደጋ መጣ። የሕንፃው ሰው ሁሉ በካልሲ ወጥቶ በረዶ ላይ ቆመ። እሷም መሐላቸው ቆማ «የማን ቤት ነው የሚቃጠለው? ምን ያሉ ዝርክርኮች ናቸው!» ትላለች። ጎረቤቶቹ አማርኛ ባለመስማታቸው አላህን አመሰገንኩ።

ከዚያ ወዲያ የከተማው አስተዳደር፣ ኮሙኑ፣ ቤታችንን ለመደው። ይመጣሉ፣ ያያሉ፣ ይሄዳሉ። በመጨረሻ ሲኬየም፣ ማለት አቅም ያጡ ሽማግሌዎች የሚገቡበት ቤት ውስጥ፣ አንድ ክፍል ተገኘ ተባለ።

«አባዬ፣ እሺ በል። ይውሰዷት» አለችኝ ልጄ። እዚሁ ኦስሎ ነው የወለድናት። የጥርስ ሐኪም ቤት ትሠራለች፤ አነጋገሯም እንደ ጥርስ ነቃይ ነው።

«አትሄድም።»

«አንተ ስትሞትስ? ለእኔ ልትተዋት ነው?»

«እሷ አንቺን ስታዝልሽ ለኮሙኑ ልስጣት አላለችም።»

«ኔይ፣ አይ፣ እዘይኝ ብዬ አለመንኳትም።»

ይኼን ያለችው እናቷ ፊት ነው። እናቷ ሳቀች። ማን እንደተሰደበ አልገባትም፤ ሰው ሲሰደብ ግን ያስቃታል።

ሚስቴ የዳቦ ሰው ነበረች። ሰርግ ሲኖር ድፎውን የምትይዘው እሷ ናት። በሽታው ይኼን አልወሰደባትም፤ እጇ ዱቄት ካልነካ አትረጋም። ችግሩ እርሾ ነው። እርሾ ያለበት ሊጥ ጊዜ ይፈልጋል፣ እሷ ደግሞ ጊዜ አትይዝም። አቡክታ ትከድነዋለች፤ ዘወር ስትል ትረሳዋለች፤ ተመልሳ ጨርቁን ስትገልጥ «ማነው ይኼን ሬሳ እዚህ ያስቀመጠው?» ትልና ቆሻሻ ውስጥ ትገለብጠዋለች። ከዚያ ዱቄቴን ማን ሰረቀኝ ብላ እኔን ትይዛለች። አንድ ቀን በዚያ ሊጥ በሆነ እጇ ጢሜን ጨብጣ ኪሴን ፈተሸችኝ።

ያን ጊዜ ነው የአየርላንዱ ሰውዬ ትዝ ያለኝ።

አልናብሩ ሰፈር፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስጭንና ሳወርድ በኖርኩበት ዘመን አብሮኝ የሚሠራ አየርላንዳዊ ነበር። ምላሱ ክፉ ነው። በዕረፍት ሰዓት አናቱ የተሰነጠቀ ክብ ዳቦ ከቦርሳው ያወጣል፣ ቅቤ ይቀባበታል፣ ለማንም አያካፍልም። እኔ ደግሞ የሚስቴን ዳቦ ይዤ እመጣለሁ። ሊጡ ከማታ ጀምሮ አድሮ እንደሚጋገር ስነግረው «ለካ እናንተ የተራባችሁት ሊጥ እስኪነሣ ስትጠብቁ ነው» አለኝ። ወሎዬ ነኝ፤ ረሃብን በቀልድ የሚያነሣብኝን አልወድም። ልመታው ብድግ አልኩ።

«ተቀመጥ» አለኝ፣ ዳቦውን እያኘከ። «እኛም በረሃብ ያለቅነው ድንች ስንጠብቅ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ተስማማን። ያን ዳቦ እናቱ እንዴት እንደምትጋግረው የነገረኝም ያኔ ነው። ዱቄት፣ ጨው፣ የመጋገሪያ ሶዳ፣ አሬራ። ሌላ የለበትም። አሬራው እዚህ አገር በካርቶን ይሸጣል። ሶዳው አሬራውን ሲያገኝ ይፈላል፤ ትንፋሹ ያቺው ናት። ቶሎ እሳት ካላገኘ ትንፋሹ ይወጣና ሊጡ ይሞታል። «እንዳታሸው» አለኝ። «የምትጠላውን ሰው እንደምትጨብጥ ነካ አድርገህ ልቀቀው። አናቱን በመስቀል ሰንጥቀው፣ አለዚያ መሐሉ አይበስልም።»

መጀመሪያ ብቻዬን ሞከርኩ። እጄ አላምን ብሎ አሸሁት፤ ድንጋይ ሆኖ ወጣ። ልጄ አንሥታ መዘነችውና «አባዬ፣ በዚህ እኮ ሰው መግደል ይቻላል» አለች። በሁለተኛው ላይ፣ እስላም ሆኜ ምን መስቀል እሠራለሁ ብዬ አንድ ጊዜ ብቻ ቀደድኩት፤ መሐሉ ሊጥ ሆኖ ቀረ። ወሎ ያደገ ሰው መስቀል አይቶ አይበረግግም። በሚቀጥለው ቢስሚላህ ብዬ በመስቀል ሰነጠቅኩት፤ በሰለ።

ያ ዳቦ ለእሷ የተሠራ ነው። አጠገቧ ቆሜ ዱቄቱን አቀርባለሁ፣ አሬራውን አቀብላለሁ፤ ወዲያው አገናኝታ ወዲያው ኦቭን ውስጥ ትከተዋለች፤ የምትረሳበት ጊዜ አታገኝም። ከዚያ ወንበር ስባ የኦቭኑ መስተዋት ፊት ትቀመጣለች። ሌላው ሰው ቴሌቪዥን እንደሚያይ እሷ ዳቦዋ ሲያብጥ ታያለች። ከዓይኗ አይጠፋምና ከሐሳቧም አይጠፋም። ሲወጣ ገልብጣ ታቹን በጣቷ ታንኳኳዋለች፤ እንደ ድቤ ድው ካለ በስሏል። ምግብ እንቢ ያለች ሴት ትኩሱን ቆርሳ ትበላለች።

ስሙን ግን የሰነፍ ቂጣ ነው የምትለው።

«ማን ጋገረው?» ትለኛለች።

«አንቺ።»

«እኔ እንዲህ ያለ ቂጣ አልጋግርም። የአንተ እጅ ነው። ይኼ እጅህ ምን ይረባል?» ትላለች፤ እየሰደበችኝ ትጨርሰዋለች።

ብዙ ጊዜ እንዲህ ጋገርን። አንድም ቀን ሳይበላሽባት ሲቀር ልጄን ጠራሁና «ያቺ እየመጣች የምታየን የኮሙኑ ሴትዮ ትምጣ» አልኳት። «ዓይኗ እያየ እናትሽ ዳቦ ትጋግራለች። ካልቻለች ይውሰዷት። ከቻለች ግን ሲኬየም የሚለው ነገር ዳግመኛ ከአፍሽ እንዳይወጣ።»

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ልጄ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ መጣች። ሴትዮዋም ጫማዋን አውልቃ ገባች፤ ገና ልጅ ናት፣ ደግ ፊት አላት፣ ሚስቴን ስታናግር ግን ደንቆሮ እንደምታናግር ትጮኻለች። ሚስቴ በዚያን ቀን ብታዩዋት! ሻሿን አስተካክላ ጤናሽ እንዴት ነው፣ እናትሽ እንዴት ናት፣ ከብቱ ደህና ነው እያለች እንደ ወግ ጠየቀቻት። ልጄ ከብቱን ሳይቀር ተረጎመችላት፤ እናቷ እንዲህ ስታወራ ከሰማች ቆይታለች።

ኦቭኑን አግዬዋለሁ። ሚስቴ ዱቄቱን ዘረገፈች፣ ጨውና ሶዳውን በተነች፣ አሬራውን አፈሰሰች። ሳታሽ፣ በጣቷ ብቻ ነካ ነካ አድርጋ አገናኘችው። እኔ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ልጄ እኔን አየችኝ። አየሽ? አልኳት በዓይኔ።

ቢላውን ሳቀብላት አልተቀበለችኝም። ሊጡን አየች፣ እንግዳዋን አየች።

«ለእንግዳ ቂጣ አይቀርብም» አለች። «ዳቦ ነው የሚቀርበው።» ነጭ ጨርቅ አመጣች፣ ሳህኑን ከደነች፣ ተሸክማ መስኮቱ ሥር ማሞቂያው አጠገብ አስቀመጠችው። «ይደር። ነገ ኩፍ ብሎ ይደርሳል። እንግዳዋም ነገ ትምጣ።»

ልጄ ተረጎመችላት። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ጥሩ ነው፣ በደንብ ሠርታለች፣ ነገም ይጋገራል፣ ምንም አይደል አለች። ስለ ዳቦ የምታውቀው የለም።

«ያ ሊጥ አያድርም» አልኩ።

«አባዬ፣ ተወው» አለች ልጄ በአማርኛ፣ ጥርሷን ነክሳ።

«ሶዳ ነው። እያየነው እየሞተ ነው።»

«ይሙት! አባዬ፣ በአላህ ተወው!»

የኦቭኑን በር ከፍቼ ወደ ሳህኑ ሄድኩ። ገና ጨርቁን ስገልጥ ሚስቴ ደረሰችብኝ። «ሌባ! የእንግዳ ዳቦ ልትሰርቅ!» ብላ በእንጨት ማንኪያ ጆሮ ግንዴን አለችኝ። ሳህኑን አልለቀቅኩም። እጄን ነከሰችኝ፤ ጥርሷ የራሷ ነው፣ አንድም አልወለቀም። ልጄ ከኋላ ያዘቻት። ሴትዮዋ ልትገላግል ገባች፤ ሚስቴ ወንዝ የምትሻገር ይመስል ገፍታት አለፈች። ሴትዮዋ ስትወድቅ መዳፏን የጋለው የኦቭን በር ላይ አሳረፈችው።

ጩኸቷን ሰምታ ሚስቴ ቆም አለች። «ምን ሆነች? እናንተ፣ እንግዳ እንዲህ ታስተናግዳላችሁ?» አለችን።

ሴትዮዋ እጇን ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ይዛ አለቀሰች። ክፉ ቃል አልተናገረችም። መናገርም አላስፈለጋትም።

ሊጡ አደረ። በማግስቱ ሚስቴ ረስታዋለች፤ እኔ ግን አልረሳሁትም። ኦቭን ውስጥ ከተትኩት፤ ማን ትክክል እንደነበረ ይታይ ብዬ። ልጄ የእናቷን ልብስ ልትሰበስብ ባዶ ሻንጣ ይዛ ስትመጣ ገና ማውጣቴ ነበር።

«ትተኸው ቢሆን ኖሮ ቤቷ ትቀር ነበር» አለችኝ። «አንድ ሊጥ። አንድ ሊጥ መተው አቃተህ።»

ዳቦውን ገልብጬ ታቹን አንኳኳሁላት። «ስሚው። ድው ይላል? ግንብ ነው። አያድርም አላልኩሽም?»

ዳቦውን ሳይሆን እኔን አየችኝ።

«ያ፣ አዎ፣ ትክክል ነህ» አለች። «በል ብቻህን ብላው።»

በላሁት። አንድ ጥርሴን ሰበረኝ። ለማስነቀል ግን እሷ ያለችበት አልሄድኩም።

ቃል ቃል ነውና ሚስቴን ወሰዷት። ክፍሏ ንጹሕ ነው፣ ሞቃት ነው፣ መስኮቱ ግን አይከፈትም። እጇ ሥራ ሲያጣ የአልጋ ልብሱን ታቦካለች፤ ጠቅልላ ታሸዋለች፣ ትከድነዋለች፣ ተመልሳ ትገልጠዋለች። ሠራተኞቹ ብርድ ነው ብለው ሌላ ብርድ ልብስ ይጨምሩላታል።

ቤቴ ጋግሬ፣ ሳይበርድ በፎጣ ጠቅልዬ ይዤላት እሄዳለሁ። ባለፈው ጊዜ ቆርሼ ሰጠኋት። አላመጠች፣ አሰበች፣ ሌላም ቆረሰች። ምግብ ወደምታቀርበው ልጅ ዞራ በአማርኛ ሐሜቱን ጀመረች።

«ይኼን ሽማግሌ አየሽው? ምስኪን ነው። ሚስቱ ዳቦ አታውቅም። ሊጡን አላሳደረችውም።»

«ሚስቴ ዳቦ ታውቃለች» አልኩ። «ይኼ ሊጥ ነው የማያድረው።»

«ያድራል።»

«አያድርም።»

«ሊጥ ያድራል፣ አንተ ደንቆሮ! ማን አሳደገህ?»

«አያድርም አልኩሽ!»

ልጅቷ ትሪውን አስቀምጣ «ትጣላላችሁ እንዴ?» አለችኝ በኖርዌይኛ።

«ያ» አልኳት በቋንቋዋ።