በሰገነቱ ላይ የቆሙት

ጣሊያኖች የያዙኝ ሸዋ ሮቢት ኬላ ላይ ነው። ወደ ደሴ ስሄድ ጓዜን ፈትሸው አንድ ጥቅል ፎቶግራፍ አገኙ። አዲስ አበባ ፎቶ አንሺ ነበርኩ። ቤት የሠሩ መኳንንት እየጠሩኝ ቤታቸውን ከነሰገነቱ፣ ከነቆርቆሮ ጣሪያው አነሳላቸው ነበር። የያዝኳቸው ለአዲስ ደንበኛ ማሳያ ይሆናሉ ብዬ ነው።

ያስገቡኝ የማሽላ መጋዘን የነበረ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ሙቀቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ፤ የአሊዩ አምባ ጨው ነጋዴ፣ ለአርበኞች ስንቅ አሳልፈዋል ተብለው የታሰሩ።

ጣሊያኑ መኮንን በአስተርጓሚ የጠየቀኝ ስለ አንዱ ፎቶ ነው። ባለ ፎቅ ቤት፤ ሰገነቱ ላይ አንዲት ሴት ከሁለት ልጆቿ ጋር ቆማለች።

«የማን ቤት ነው? ሴትዮዋስ?»

አውቃታለሁ። ባሏ ከአርበኞች ጋር በረሃ ገብቷል፤ እሷ ስሟን ቀይራ ይፋት ውስጥ ተደብቃለች።

«ቤት እንጂ ሰው አላውቅም» አልኩ። ገረፉኝ።

ስመለስ ሽማግሌው ጀርባዬን በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉልኝ።

«ምን ፈልገው ነው፣ ልጄ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የባልየውን ስም ጭምር። አፌን ስዘጋ ደነገጥኩ፤ ለማላውቀው ሰው ነበር የነገርኩት።

በማግስቱ ጠዋት እሳቸውን ጠሩ። ሲመለሱ ከንፈራቸው አብጧል።

«ፎቶውን አሳዩዎት?»

«አሳዩኝ። እኔ የማውቀው የግመል መንገድ ነው፤ ፎቅ ሁሉ አንድ ይመስለኛል አልኳቸው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እዚያ ግቢ ጨው አራግፌ አውቃለሁ። ውሃ ያቀረበችልኝ ሴትዮዋ ራሷ ነበረች።»

ከመጠጥ ውሃችን ጥቂት ወስደው ዉዱእ አደረጉና ለሶላት ቆሙ። ዘበኛው በበሩ ስንጥቅ እያየ ሳቀ። ተነስቼ ስንጥቁን በጀርባዬ ሸፈንኩት። ቁስሌ ከበሩ ጣውላ ጋር ተጣበቀ፤ ሰግደው እስኪጨርሱ አልተነቃነቅኩም።

ብዙ ሳይቆይ እኔን ወደ ደሴ አዛወሩኝ። ሴትዮዋን አላገኟትም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ አሊዩ አምባ ሄድኩ። ሽማግሌው ከእስር አልተመለሱም። ቤታቸውን ላንሳ ብል ሚስታቸው አፈሩ።

«ይቺ ደሳሳ ጎጆ ምን አላት ብለህ ነው? ፎቶ የሚነሳው ፎቅ አይደል?»

«እትዬ፣ በሩ ላይ ይቁሙልኝ» አልኳቸው።

ዛሬ ያ ፎቶ በፎቶ ቤቴ ግድግዳ ላይ ከመኳንንቱ ቤቶች መሀል ተሰቅሏል። ደንበኞች የማን ቤት እንደሆነ ይጠይቁኛል። የሽማግሌውን ስም ከነአባታቸው እነግራቸዋለሁ።