ጋሼ ጆሮ የሞላው ጥርስ

ወሬው እንዲህ ነው። መካኒኩ ጋሼ ጆሮ አልነሳ ያለች የኢንጀክሽን ሞተር ሳይክል ፊት ተንበረከከ፤ ጆሮውን ሆዷ ላይ ለጥፎም ውስጧ ካለው ኮምፒዩተር ጋር ብቻ ለብቻ ተነጋገረ። ኮምፒዩተሩ መጀመሪያ ኮራ፤ ኋላ ግን «አጥፍቻለሁ ጋሼ» ብሎ ቤንዚኑንና እሳቱን በሰዓቱ መላክ ጀመረ። ሞተሯም ተነሳች። የሰፈሩ ሻይ ቤት ውስጥ ይህን ያላወራ ሰው ቢኖር ጥርሱን ተነቅሎ አፉ የደነዘዘበት ብቻ ነው።

እርግጥ ይህ ሻይ ቤት ወሬ ሲያበስል ጨው አይሰስትም። ቀደም ብሎም ጋሼ ጆሮ ሦስት ሰፈር ማዶ የምትስል ሞተር ሰምቶ «የግራው ካንዴላ ነው» አለ ተብሎ ነበር፤ የዚያች ሞተር እሳት መጫሪያ ካንዴላ ግን አንድ ለእናቱ ነው። ደግሞስ ኮምፒዩተር በጆሮ የሚለመን ቢሆን፣ «ሲስተም የለም» በተባለበት መሥሪያ ቤት ሁሉ ሕዝቡ ጆሮውን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ይውል አልነበር?

ሰውየው ጆሮ እንዳለው ግን ማንም አይክድም። ኮምፒዩተር ባልነበረበት በካርቡራተር ዘመን የሞተሩን ክዳን ከፍቶ፣ እሳት የሚያስነሳውን ክፍል በጣቱ ገፋ መለስ እያደረገ፣ ድምፁ ሲጣፍጥለት ያጠብቀው ነበር። እሳቱ ከቀደመ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ከዘገየ ይለግማል፤ መካከሉን የሚያውቀው እሱ ነው። ጆሮ የተባለውም ለዚያ ነው። በስሙ የማትስማማው ባለቤቱ ብቻ ናት፤ «የሞተር ጆሮ ነው፣ እኔ ሳወራ ይደፈናል» ትላለች።

ያቺ አልነሳ ያለችው ሞተር የሰፈሩ አዋላጅ ነበረች የምትባለው ሴት ናት። ሰዉ ሲስተር ይላታል፤ የሰፈሩን ግማሽ ሕፃን በእጇ የተቀበለች፣ ምጥ በተባለ ቁጥር ቦርሳዋን ከኋላ አስራ የምትበር ሴት ናት። ወደ ጋራዡ ያመጣቻትም ለትንሽ ነገር ነበር፤ ከጎን ክዳኗ ዘይት ጠብ ጠብ ይላል። አለዚያ እንደ ሰዓት ነበር የምትሠራው። ጋሼ ጆሮ ክዳኑን ሲፈታ፣ ፒስተኑ ወጣ ወረድ ሲል አብሮ የሚዞረውን ጥርሳም ቀለበት አየ። ዙሪያውን ጥርስ ተደርድሮበታል፤ አንድ ቦታ ላይ ግን አንዱ የለም።

«ውይ ምስኪን!» አለ ከአንጀቱ። ጥርሱ የወለቀ ማርሽ ስንት ሞተር እንደበላ ያውቃል። «ፋብሪካው ጉድለቱን ደብቆ ነው የሸጠልሽ ሲስተር። እኔ እያለሁ አይዞሽ!» አላት። ከዚያ ቀለበቱን ሞርሳ ላይ አስሮ በየደ፣ ሞረደ፣ ወለወለ። አዲሱ ጥርስ ከወንድሞቹ ጋር ሲሰለፍ የጥርስ ሐኪም እንኳ አይለየውም። ክዳኑንም አጥብቆ ዘጋ። ዘይቱ ቆመ። ሞተሯም ቆመች።

ካንዴላ ቀየረ፣ ቤንዚን ደፍቶ ቤንዚን ሞላ፣ ዳገት ቁልቁል ገፋት። ጆሮውን ለጠፈ፤ ዝም። ጭጭ ያለ ሞተር ላይ ጆሮ ምን ይሠራል? ሲስተር ቦርሳዋን ተሸክማ በእግሯ ዳገቱን ስትወጣ ከበሩ ያያታል፤ ሰላም እንዳትለው ከጎማ ክምር ኋላ ይደበቃል። አንዲት እናት ሲስተር ሳትደርስላት ደረጃ ላይ ወለደች። ጎረቤት ተረባርቦ በሰላም ተገላገለች፤ ጋሼ ጆሮ ግን ይህን የሰማ ቀን ራቱን ሳይነካ ተነሳ።

«ምን ሆነሃል? አትበላ፣ አትቆጣ!» አለች ባለቤቱ።

«ፋብሪካው ነው።»

«ፋብሪካው ነው ራትህን እንዳትበላ አፍህን የያዘህ?»

በማግስቱ መለዋወጫ ሱቅ ሄዶ አዲስ ቀለበት ጠየቀ። ሻጯ ካርቶን ከፍታ አቀበለችው።

«ይሄ ጥርስ ይጎድለዋል የኔ ልጅ፣ ሌላ ስጪኝ።»

ሌላ ከፈተች። ያም ጎዶሎ ነው። የሚቀጥለውም።

«ጋሼ፣ ጥርሳቸውን እንዲህ የሚቆጥሩት ሊድሯቸው ነው?» ብላ ሳቀች።

እሱ አልሳቀም። ነገሩ ገባው፤ ሲገባውም ጆሮው እንደ ምጣድ ጋለ። ከቀለበቱ አጠገብ ያለው ሴንሰር ጥርሶቹ ሲያልፉ ይቆጥራል። ክፍተቱ ሲያልፍ ኮምፒዩተሩ «አሃ፣ ፒስተኑ እዚህ ጋ ደርሷል» ይላል፤ ከዚያ ተነስቶ እየቆጠረ ነው ቤንዚን መቼ እንደሚረጭ፣ እሳት መቼ እንደሚጫር የሚያዘው። ክብ ሠርቶ የሚዞር ሰልፍ መጀመሪያው በምን ይታወቃል? እዚያ አንድ ሰው ሲጎድል ነው። ጋሼ ጆሮ ያቺን አንድ ቦታ ሞልቶ ኮምፒዩተሩን ቤቱ የጠፋበት እንግዳ አድርጎታል።

ተመልሶ ያን ያማረ ጥርስ በሞረድ ነቀለው። ሞተሯ ገና ስትነካ ተነሳች። ጆሮውን ያስጠጋው ከልማድ ነበር፤ በበሩ የሚያልፍ አንድ የሻይ ቤት ደንበኛ ግን ሞረዱንና ጆሮውን አየ፤ የቀረውን ከኪሱ ጨምሮ ሮጠ።

ጋሼ ጆሮ ሲስተርን «ተስተካክላለች» ብቻ አላት። ጀግና ሲሉትም ዝም አለ። ዝም ባለ ቁጥር ወሬው ይወፍራል፣ እሱ ይከሳል።

አንድ ቀን ሲስተር አንድ ሰውዬ አስከትላ ሻይ ቤት ገባች። ሞተሯን ሊገዛ የመጣ ነው።

«ልትሸጫት?» አለ ጋሼ ጆሮ፤ ሻዩ ትን አለው።

«ምን ላድርግ ጋሼ? ፋብሪካው ጎዶሎ አድርጎ የሠራትን እንዴት ልመናት? ምጥ የያዛትን ሴት ‹ቆይ፣ መጀመሪያ ጋሼ ጆሮ ሞተሬን ያነጋግራት› ልበላት? በእግሬ ይሻለኛል፤ ጉልበቴም ለምዶታል።»

ይህን ስትል ግን ጉልበቷን በሁለት እጇ እየደገፈች ነበር የተቀመጠችው።

«ኮምፒዩተሯ ይቅርታ የጠየቀ ሞተር እቺ ናት?» አለ ገዢው።

«እሷው ናት!» አለ ሻይ ቤቱ በአንድ አፍ። «ጋሼ ጆሮ፣ እስቲ ንገረው!»

ጋሼ ጆሮ ተነሳ። ዓይኑን ከሻይ ብርጭቆው ማንሳት አቃተው።

«ሁሉም ውሸት ነው» አለ። «ኮምፒዩተር አላናገረኝም። በጆሮዬ ያስተካከልኩት ምንም ነገር የለም። ሞተሯ ጎዶሎ አልነበረችም፤ ጥርሱ እንዲጎድል ተደርጎ ነው የተሠራው። ክፍተቱን ደፍኜ ያበላሸኋት እኔ ነኝ፤ ነገሩ ከገባኝ በኋላም ፋብሪካው ነው እንዳልኩሽ የተውኩሽ እኔው ነኝ። አትሽጫት ሲስተር።»