ሽማግሌዎች የጨመሩት ክኒን

ወንድሜ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ኦቲዝም አለበት። ይህ ቃል ላሊበላ ሳይደርስ በፊት ለወንድሜ ሁኔታ ስም ያላወጣ ጎረቤት አልነበረም፤ አንዱ ጋኔን ሲል ሌላው እርግማን ይላል። ቃሉ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ሁሉም ሐኪም ሆኗል። የቱ እንደሚሻል አላውቅም።

ብዙ አይናገርም። ሰው ሲነካው አይወድም፤ ከጩኸት ይሸሻል። ጠዋት ጠዋት ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው መንገድ እስከ መጀመሪያው ኩርባ ሄዶ ይመለስና በረንዳ ላይ ተቀምጦ ለሸማኔ ክር ያጠነጥናል። ማንንም አላስቸገረም።

አጎታችን፣ የአባታችን ወንድም፣ ከግቢያችን አጠገብ ሆቴል ሠራ። ጄነሬተሩን ከወንድሜ ክፍል ግድግዳ ጋር አስጠግቶ ተከለው፤ በወዲያ በኩል ቢሆን እንግዶቹን ይረብሻላ። መብራት ደግሞ እዚህ አገር መሄድ ያውቅበታል። ጄነሬተሩ በተነሳ ቁጥር ወንድሜ ጆሮውን ይዞ ራሱን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል። የግንባሩ ቁስል ሳይሽር ሌላ ይጨመርበታል።

ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሙ የድብርትና የጭንቀት ክኒን አዘዘለት፤ በቀን አንድ። ምን እንደሚያስጨንቀው ግን አልጠየቀም። ክኒኑ ምንም አልፈየደም፤ ጄነሬተር አያጠፋማ።

እኛ ዘንድ ታላቅ ዘመድ ፊት ለፊት አይወቀስም፤ ሽማግሌ ይላክበታል። እናቴም ሽማግሌዎች ላከች። የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ ጄነሬተሩ ከግድግዳው ይራቅ። ሽማግሌዎቹ የሆቴሉን ቢራ እየጠጡ ሲመካከሩ ዋሉ። አጎቴ «ከታመመ ይታከም እንጂ የኔ ሆቴል ምን አደረገ?» ይላል። ሽምግልና ደግሞ ከሁለቱም ወገን ትንሽ ትንሽ ካልወሰደ የሠራ አይመስለውም። ትልቁ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አስተካክለው ፈረዱ።

«እሳቸው ጄነሬተሩን አንድ ሰዓት ቀድመው ያጥፉ። ልጁም ክኒኑን ሁለት ያድርግ።»

«አባቴ፣ ክኒን እኮ በሽምግልና አይጨመርም» አልኳቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ታላቅ ሲናገር ይደመጣል» አሉኝ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ሥራን ለሠሪው፣ እሾህን ላጣሪው እያሉ ያሳደጉን እነዚሁ ሰዎች ናቸው። እናቴ የሽማግሌ ቃል ያፈረሰ አይባረክም ብላ፣ እኔ ሱቅ ስውል ሁለት ሁለት ትሰጠው ጀመር።

ብዙም ሳይቆይ ወንድሜ እንቅልፍ አጣ። መቀመጥ አቃተው፤ ግቢውን ሲዞር ይውላል። ክሩን በጣጥሶ ጣለው። የገዛ ክንዱን እስኪደማ ነከሰ። ሽማግሌዎቹ ሊጠይቁት መጡና እያዩት «በሽታው እየወጣለት ነው» አሉ። ያን ቀን ከነጋቢያቸው ከዓይኔ ወደቁ።

ይዤው ወደ ሐኪሙ ተመለስኩ።

«ማነው የጨመረለት?» አለኝ።

«ሽማግሌ።»

ሐኪሙም ክኒኑ የኦቲዝም መድኃኒት እንዳልሆነ፣ ኦቲዝም ያለበትን ሰው አንዳንዴ ጭራሽ ዕረፍት እንደሚነሳ፣ በአንድ ጊዜም እንደማይቋረጥ አስረዳኝ። ይህን ሁሉ ያውቅ ኖሯል። ክኒኑን ሲሰጠን ቢነግረን ምን ነበረበት? ብቻ ቀስ በቀስ እየቀነሰ አስቆመለት።

በዚያው ሰሞን መብራት መጣና ሳይሄድ ሰነበተ። ወንድሜ ተኛ፤ ግንባሩም ሻረ። አጎቴ ታዲያ በየሄደበት «ያ በሽምግልና የተጨመረው ክኒን አዳነው» እያለ ያወራል። ክኒኑ መቆሙን ለእናቴ ደጋግሜ ነግሬያታለሁ፤ እሷ ግን የምታምነው ሽማግሌዎቹን ነው። አንድ ቀን ነጠላዋን አደግድጋ ልታመሰግነው ሄደች። ተከትያት ስደርስ የአጎቴን ጉልበት ስማ ቀና እያለች ነበር። እሱ «ኧረ ምን ቸገረሽ» እያለ ትከሻዋን ይደባብሳል። ከኋላው ሠራተኞቹ ከመኪና አዲስ ጄነሬተር ያወርዳሉ፤ ከፊተኛው ይበልጣል። የት እንደሚያኖሩት አልጠየቁትም። ተሸክመውት ወደኛ ግድግዳ ሄዱ።